የአፕት ተርሚናል ኢንተርፌስ ስትሠሩ ከማረጋገጫው ገጽ ጀምሩ

ርቀት ላይ ያለ ሰርቨር ውስጥ በኤስኤስኤች (ከሩቅ ማሽን ጋር በትእዛዝ በሚያገናኝ መንገድ) ገብቼ አንድ የማያስፈልገኝን ፓኬጅ (ተጠቅልሎ የሚጫን ፕሮግራም) ላጠፋ ፈለግሁ። ትእዛዙን ጻፍኩ። አፕት፣ ማለትም ዴቢያንን በመሰሉ የሊኑክስ ሲስተሞች ላይ ፓኬጆችን የሚጭነውና የሚያጠፋው ፕሮግራም፣ አብረው የሚጠፉትን ስሞች በአንድ አንቀጽ አጭቆ ደረደራቸው። ዓይኔን ጣል አድርጌ “ዋይ”ን ነካሁ። ከስሞቹ መሀል ኔትወርኩን የሚያስተዳድረው ፓኬጅ ነበረበት። ግንኙነቱ ወዲያው ተቋረጠ። ማሽኑ ወዳለበት ሄጄ ስክሪንና ኪቦርድ ሰክቼ እስካስተካክል ግማሽ ቀኔ ሄደ።

ለአፕት የራሴን የተርሚናል ኢንተርፌስ (እዚያው ተርሚናል ውስጥ በቁልፍ የሚታሰስ ገጽ) መሥራት የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። እናንተም ልትሠሩ ካሰባችሁ የደረስኩበትን ልንገራችሁ። ፓኬጆችን የሚዘረዝረው ገጽ በአንድ ቅዳሜ ይሠራል። ተጠቃሚው የሚድነው ወይም የሚጎዳው ግን “ይህ ሊሆን ነው፤ ይቀጥል?” በሚለው ገጽ ላይ ነው። ጊዜያችሁን እዚያ ላይ አውሉት።

ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት አፕቲቲዩድን (ለአፕት የተሠራ ነባር የተርሚናል ኢንተርፌስ) ጭናችሁ አንድ ሰዓት ያህል ተጠቀሙበት። የ“ጂ” ቁልፍን አንድ ጊዜ ስትነኩ ሊደረግ የታሰበውን ሁሉ በክፍል በክፍሉ ያሳያል። ሥራው የሚጀመረው ሁለተኛ ስትነኩት ነው። ይህች በሁለቱ ንክኪዎች መሀል ያለች ፋታ በጣም ደስ ትለኛለች።

መረጃው ከየት ይምጣ?

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው “አፕት ሊስት”ን ከፕሮግራሙ ውስጥ ጠርቶ ጽሑፉን መቆራረጥ ነው። እኔም እንደዚያ ጀምሬ ነበር። ነገር ግን የአፕት ውጤት ወደ ሌላ ፕሮግራም ሲሄድ፣ አጻጻፉ የተረጋጋ ስላልሆነ በስክሪፕት ውስጥ በጥንቃቄ ተጠቀሙበት ብሎ ራሱ ያስጠነቅቃል። እመኑት። ለስክሪፕት የሚሆኑት አፕት-ጌት፣ አፕት-ካሽና ዲፒኬጂ-ኩዌሪ ናቸው።

ከእነሱም የተሻለው ፓይተን-አፕት የሚባለው የፓይተን ሞጁል ነው። አፕት ራሱ የቆመበትን ላይብረሪ በቀጥታ ያናግራል። ፓይተን-አፕትን ከዲስትሮው (ከምትጠቀሙበት ሊኑክስ) ጫኑት እንጂ ከፒፕ (ከፓይተን የራሱ መጫኛ) አትጠብቁት። ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት (ለአንድ ፕሮጀክት ብቻ የተለየ የፓይተን ቦታ) የምትጠቀሙ ከሆነ የሲስተሙን ፓኬጆች እንዲያይ አድርጋችሁ ፍጠሩት። ያንን ባለማወቄ “ሞጁሉ የለም” ከሚል ስህተት ጋር አንድ ምሽት ስታገል አድሬያለሁ።

ለስክሪኑ ቴክስቹዋልን (በፓይተን የተርሚናል ገጽ መሥሪያ ላይብረሪ) መርጫለሁ። በረስት የምትጽፉ ከሆነ ራታቱዪ፣ በጎ ከሆነ በብል ቲ አለላችሁ። ምርጫው ብዙም አያስጨንቅ፤ እጃችሁ የለመደውን ያዙ።

ዝርዝሩ

ዴቢያን 12 እ.ኤ.አ. በ2023 ሲወጣ 64,419 ፓኬጆች ይዞ ነበር። ይህን ሁሉ ረድፍ በአንዴ ልሳል ካላችሁ ስክሪኑ ይንቀራፈፋል። በአንድ ጊዜ የሚታየው 30 ወይም 40 ረድፍ ስለሆነ እሱን ብቻ ሳሉ። አጭር መግለጫውንም ለሚታዩት ረድፎች ብቻ አንብቡ።

ፍለጋው በስም ይሁን። የዴቢያን ፓኬጅ ስም ሁልጊዜ በትናንሽ ፊደላት ስለሚጻፍ ተጠቃሚው የጻፈውን ብቻ ወደ ትንሽ ፊደል መቀየር ይበቃል። ከውጤቱ ውስጥ ስሙ ሙሉ በሙሉ የገጠመው ይቅደም፤ በቃሉ የሚጀምሩት ይከተሉ፤ ቃሉን መሀላቸው ላይ የያዙት ከታች ይሁኑ። “ቪም” ብሎ የፈለገ ሰው ቪምን ከሃያ ረድፍ በታች ማግኘት የለበትም።

የተመረጠውን በቀለም ብቻ አታሳዩ። ከስሙ በፊት ለሚጫነው “+”፣ ለሚጠፋው “−” አድርጉ። አረንጓዴና ቀይ የማይለይ ዓይን አለ፤ ቀለም የማያሳይ ተርሚናልም አለ።

የማረጋገጫው ገጽ

ዋናው ይህ ነው። ፓይተን-አፕት አንድ ትልቅ ጸጋ አለው። “ማርክ_ኢንስቶል” ወይም “ማርክ_ዲሊት” ስትሉት ሲስተሙን አይነካም። ለውጡን ሜሞሪ ላይ ብቻ አስቦ ያስቀምጣል፤ ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ) መሆንም አያስፈልግም። ከዚያ “ጌት_ቼንጅስ” ስትሉ የሚጫነውን፣ የሚሻሻለውንና የሚጠፋውን ሁሉ ይሰጣችኋል። ስንት ሜጋባይት እንደሚወርድም ይነግራችኋል።

ይህን መረጃ እንዳለ ብትደረድሩት ግን እኔን ጉድ የሠራኝን አንቀጽ መልሳችሁ ጻፋችሁት ማለት ነው። የሚጠፉት ከላይ ይሁኑ፤ እያንዳንዱም በራሱ መስመር ይቀመጥ። አጠገቡም ለምን እንደሚጠፋ ይጻፍ።

ምክንያቱን የማገኘው እንዲህ ነው። ተጠቃሚው የመረጣቸውን በአንድ ጊዜ ምልክት አላደርግም። አንዱን ምልክት አድርጌ የለውጡን ዝርዝር እወስዳለሁ። ሁለተኛውን አደርግና እንደገና እወስዳለሁ። በሁለቱ ዝርዝሮች መሀል አዲስ የመጣው ሁሉ በሁለተኛው ፓኬጅ ሰበብ የመጣ ነው። ለምሳሌ ኤግዚም የተጫነበት ዴቢያን ላይ ፖስትፊክስን ብትመርጡ ኤግዚም ሊጠፋ ነው። ሁለቱም የኢሜይል ሰርቨር ናቸው፤ አንድ ማሽን ላይ አብረው አይቀመጡም። ስለዚህ ገጹ እንዲህ ይላል፦

− ኤግዚም ይጠፋል (ፖስትፊክስን ስለመረጡ)
+ ፖስትፊክስ ይጫናል (እርስዎ የመረጡት)

ሁለት መስመር ብቻ ነው። ኢሜይሉ በኤግዚም የሚሄድ ሰው ግን እዚህ ላይ እጁን ይሰበስባል።

ተጠቃሚው ያልመረጠው ፓኬጅ የሚጠፋ ከሆነ ኢንተርን መጫን ብቻ አይበቃም። እኔ ከሚጠፉት የአንዱን ስም እንዲጽፍ አደርጋለሁ። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ማስጻፍ ጥቅም የለውም። እ.ኤ.አ. በ2021 አንድ ታዋቂ የዩቲዩብ አቅራቢ ስቲምን (የጌም ፕሮግራም) ሊጭን ሲል አፕት ዴስክቶፑን ሊያጠፋ እንደሆነ ነግሮት፣ “አዎ፣ እንዳልኩህ አድርግ” የሚል ትርጉም ያለውን ዓረፍተ ነገር እንዲጽፍ ጠይቆት ነበር። ጻፈው፤ ዴስክቶፑም ጠፋ። በእሱ አልፈርድም፤ እኔም ያነበብኩ መስሎኝ አልፌያለሁ። የፓኬጁን ስም ለመጻፍ ግን ስሙን ማየት ግድ ነው።

ተርሚናሉን ለአፕት ማስረከብ

መላውን ፕሮግራም በሱዶ (ትእዛዝን በሩት ሥልጣን በሚያስነሳው) አታስነሱ። ማሰሱና መምረጡ ሩት አይፈልግም። ሩት የሚያስፈልገው መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ ኢንተርፌሱን ለጊዜው ገለል አድርጉ፤ ቴክስቹዋል ለዚህ “ሰስፔንድ” የሚባል ነገር አለው። ከዚያ ሱዶን ከአፕት-ጌት ጋር በተራው ተርሚናል ላይ ጥሩ። ሲጨርስ ኢንተርን እስኪጫን ጠብቁ፤ አለዚያ የመጣው ስህተት ሳይነበብ ይሰወራል። ከዚያ ተመለሱና ካሹን (ፓይተን-አፕት የያዘውን የፓኬጆች መረጃ) እንደገና ክፈቱ።

“ሁሉንም በራሴ መስኮት ውስጥ በሚያምር ፕሮግረስ ባር ባሳየውስ?” ትሉ ይሆናል። ሞክሬዋለሁ። አፕት “ስታተስ-ኤፍዲ” በሚባል መንገድ ፐርሰንቱን ይልካል፤ ባሩም ያምራል። አንድ ቀን ግን 60 በመቶ ላይ ደርሶ ቀጥ አለ። ብጠብቅ ብጠብቅ ንቅንቅ የለም። ለካስ ዲፒኬጂ (ከአፕት ሥር ሆኖ ፓኬጁን የሚጭነው ፕሮግራም)፣ የተቀየረ የኮንፊግ ፋይል አግኝቶ “የድሮው ይቆይ ወይስ በአዲሱ ይተካ?” ብሎ እየጠየቀ ነበር። ጥያቄው ከባሩ ጀርባ ተደብቆ ማን ይመልስለት! ዴብኮንፍም (ፓኬጆች ሲጫኑ ማስተካከያቸውን የሚጠይቀው) እንዲሁ መሀል ላይ ይጠይቃል። ጥያቄዎቹን ሁሉ የምታስተናግዱበት መንገድ ከሌላችሁ ተርሚናሉን ለባለቤቱ ልቀቁለት።

ለአፕት-ጌት የምትሰጡት ተጠቃሚው የመረጣቸውን ስሞች ብቻ ይሁን። ተከትለው የሚመጡትን ዲፔንደንሲዎች (እነሱ የሚፈልጓቸውን ሌሎች ፓኬጆች) አትጨምሩ። በስም የተጠራ ፓኬጅ “ሰው የጫነው” ተብሎ ስለሚመዘገብ በኋላ አውቶሪሙቭ (የማያስፈልጉ ዲፔንደንሲዎችን የሚያጠፋው ትእዛዝ) አያነሳውም። የሚጠፋም ካለ ሁለት ትእዛዝ አያስፈልግም፤ በ“ኢንስቶል” ሥር ስሙ መጨረሻ ላይ የሰረዝ ምልክት ከጨመራችሁ ያጠፋዋል። ጥያቄውን የሚያዘልለውን ፍላግ ደግሞ አትጠቀሙ። የእናንተ ገጽ ከታየ በኋላ ሌላ ነገር ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል አፕት አንድ ጊዜ ቢጠይቅ ምንም አይደል።

መቆለፊያውን እንዳትረሱ። ሌላ አፕት እየሠራ ከሆነ፣ ለምሳሌ አውቶማቲክ አፕዴት፣ ትእዛዛችሁ አይሳካም። የመቆለፊያውን ፋይል በፍጹም አታጥፉ፤ የፓኬጁ ዳታቤዝ በሁለት ፕሮግራም መሀል ሊበላሽ ይችላል። “ዲፒኬጂ ሎክ ታይምአውት” የሚባለው ማስተካከያ አፕት-ጌት ራሱ እንዲጠብቅ ያደርገዋል። እኔ 60 ሰከንድ ሰጥቼዋለሁ።

ሙከራው

ኮንቴይነር (ከዋናው ሲስተም ተለይቶ የሚሠራ ቦታ) ውስጥ ዴቢያን አስነሱና እዚያ እንደፈለጋችሁ ጫኑ፣ አጥፉ፣ አበላሹ። መስኮቱን ወደ 80 በ24 አጥብባችሁ የማረጋገጫው ገጽ መነበቡን እዩ። ከዚያ ፕሮግራሙን መሀል ላይ በኮንትሮል-ሲ አቋርጡት። ኮዱ ውስጥም ሆን ብላችሁ ስህተት አስገቡና ሲወድቅ ተመልከቱት። ከወደቀ በኋላ ስትጽፉ ፊደሉ የማይታያችሁ ከሆነ ተርሚናሉን ወደ ነበረበት ሳይመልስ ሞቷል ማለት ነው። ለጊዜው “ሪሴት” ብላችሁ ጻፉ፤ ባይታያችሁም ይሠራል። ከዚያ ወደ ኮዱ ተመለሱና መውጫውን አስተካክሉ።