ልጆች ይዞ ወደ ትንሽ ከተማ መዛወር፦ ከመወሰን በፊት ምን ይለካል?

ቅዳሜና እሁድ የጎበኟት ትንሽ ከተማ ሁሌም ታምራለች። መንገዱ ጸጥ ይላል፣ አየሩ ንጹሕ ነው፣ ልጆች ደጅ ወጥተው እንደልባቸው ይሮጣሉ። ኑሮው የሚታወቀው ግን ማክሰኞ ጠዋት ልጅ ትምህርት ቤት ለማድረስ ሲጣደፉ፣ ደግሞም ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሕፃኑ በትኩሳት ሲነድ ነው። ከመወሰናችሁ በፊት የምትለኩት ተራውን ቀንና ክፉውን ሌሊት ይሁን።

በወረቀት ጀምሩ። ባልና ሚስት ለየብቻ ተቀምጣችሁ፣ አንዳችሁ የሌላውን ሳታዩ፣ «ይህ ከሌለ አልኖርም» የምትሏቸውን ቢበዛ አራት ነገሮች ጻፉ። በደንብ የሚለካ አድርጋችሁ ጻፉት፤ «ጥሩ ሕክምና» ብሎ መጻፍ አይጠቅምም፣ «በ40 ደቂቃ ውስጥ የሚደረስበት፣ ሌሊትም ሐኪም ያለው ሆስፒታል» ግን ይጠቅማል። ከዚያ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አስቀምጡ። አንዱ ብቻ የጻፈውም ነገር እንደጋራ ይቆጠር። ከእነዚህ አንዱን እንኳ የማታሟላ ከተማ እዚያው ላይ ትውደቅ። ብዙ ቤተሰብ ለኪራይ፣ ለአየር፣ ለትምህርት ቤት እያለ ከአሥር ነጥብ ሰጥቶ ይደምራል። ድምር ግን ያታልላል፤ የኪራዩ ርካሽነት የሐኪሙን አለመኖር በቁጥር ይሸፍነዋል፣ በኑሮ ግን አይሸፍነውም። ነጥብ መስጠት የሚጠቅመው ከወንፊቱ ያለፉትን ከተሞች ለማወዳደር ነው።

ሕክምናው

«ሆስፒታል አለ» የሚለውን መልስ ይዛችሁ አትመለሱ። ሌሊት ሐኪም ግቢው ውስጥ አለ ወይስ ከቤቱ ይጠራል? ሕፃናት የሚያይ ሐኪም በሳምንት ስንት ቀን ይገኛል? በቀዶ ጥገና ማዋለድና ደም መስጠት ይቻላል? አምቡላንሱ ሪፈር የተባለ ታካሚ ይዞ ሲወጣስ ተተኪ አለ? ይህን የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። አንድ አምቡላንስ ብቻ ያላት ከተማ፣ መኪናው ወደ ትልቁ ሆስፒታል የሁለት ሰዓት መንገድ ሲሄድ፣ ደርሶ እስኪመለስ ቢያንስ አራት ሰዓት ባዶ እጇን ትቆያለች።

ጊዜው የሚያስጨንቅበት ምክንያት አለው። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ከባድ የደም መፍሰስ ካልታከመ በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ እናትን ሊገድል ይችላል። ሕፃን የዋጠው ክብ ጠፍጣፋ ባትሪ የምግብ ቧንቧው ላይ ከተቀረቀረ፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ቧንቧውን ክፉኛ ሊያቃጥለው ይችላል። ትኩሳት ያመጣው መንቀጥቀጥ ከ5 ደቂቃ ካለፈ አስቸኳይ ሕክምና ይፈልጋል።

ስለዚህ መንገዱን በካርታ አትመኑት። ልትከራዩት ካሰባችሁት ቤት ደጃፍ ተነስታችሁ በጨለማ ንዱት፣ ከተቻለ መንገዱ በሚበላሽበት ወቅት። ሰዓት መቁጠር የሚጀመረው ልጅን ከአልጋ አንስቶ አልብሶ መኪና ውስጥ ማስገባቱ ጭምር ተጨምሮ ነው፤ የሚያበቃውም የድንገተኛ ክፍሉ በር ላይ ነው። ካርታ 40 ደቂቃ ያለው መንገድ በዚህ ስሌት በቀላሉ አንድ ሰዓት ይሞላል። የራሳችሁ መኪና ከሌላችሁ ደግሞ በዚያ ሰዓት ተነስቶ የሚያደርሳችሁ ሰው ማን እንደሆነ በስም ማወቅ አለባችሁ።

እርግዝና ካለ ወይም ከታሰበ ሌላ ስሌት አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ቢያንስ 8 የቅድመ ወሊድ ክትትል ይመክራል። ክትትሉ ያለበት ቦታ ደርሶ መልስ ሦስት ሰዓት ከሆነ መንገዱ ብቻ 24 ሰዓት ይወስዳል፣ ወረፋው ሳይቆጠር። መውለጃ በቀረበበት ወር ቤት አትቀይሩ። ክትባትንም ጠይቁ፦ አንዳንድ የክትባት ብልቃጥ አንዴ ከተበጠበጠ በ6 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋል፤ ስለዚህ ሕፃናት ጥቂት የሆኑበት ጤና ጣቢያ ቀን ቆርጦ ሰብስቦ ነው የሚከትበው። ቀኑን ቀድማችሁ ካላወቃችሁ ልጃችሁ ያልፈዋል። የክትባት ካርዱን ፎቶ አንሱ፣ ዋናውንም በእጅ ቦርሳ ያዙ እንጂ ከዕቃው ጋር አትጫኑት።

ሁለተኛው ገቢ

ዝውውር ከሕክምና ቀጥሎ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። አንደኛው ሥራ ያገኛል ወይም ሥራውን ከቤት ይሠራል፣ ሌላኛው «እዚያ ስንደርስ እፈልጋለሁ» ይላል። ትንሽ ከተማ ውስጥ ደግሞ ለአንድ ሙያ ያለው ክፍት ቦታ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ሁሉም የተያዘ ከሆነ ሰው እስኪለቅ ዓመት ሊጠበቅ ነው።

ሒሳቡን በቁጥር እንየው። የሁለታችሁ ወርሃዊ ገቢ 100 ነው እንበል፣ አንዱ 60 ሌላው 40 ያመጣል። አሁን ለቤት 35፣ ለመጓጓዣ 8፣ ለልጅ ጥበቃ 15 ትከፍላላችሁ፤ 42 ይተርፋል። በትንሿ ከተማ ቤቱ ወደ 20 ወረደ፣ የልጅ ጥበቃው 9 ሆነ። መጓጓዣው ግን ወደ 14 ወጣ፣ ለሕክምናና ለዘመድ ጥየቃ ወደ ትልቁ ከተማ መመላለሻ 4 ተጨመረ፤ ወጪው በድምሩ 47 ነው። የሁለተኛው ገቢ ከ40 ወደ 20 ከወረደ፣ ከ80 ላይ 47 ሲቀነስ 33 ይቀራል። ኪራዩ በግማሽ ሊቀንስ ጥቂት ቢቀረውም ቤተሰቡ ከበፊቱ ያነሰ ይዞ ቀረ። አሁን ካለበት ሳይጎድል ለመኖር ሁለተኛው ሰው ቢያንስ 29 ማምጣት አለበት። የራሳችሁን ቁጥር እያስገባችሁ ይህን መነሻ ቁጥር አውጡት፤ ሥራ የሚፈልገውም ሰው ያንን መጠን የሚከፍል ቦታ ከዝውውሩ በፊት አግኝቶ ይፈራረም።

ያለ ሥራ የሚቀመጠው ሰው የሚያጣው ደመወዝ ብቻ አይደለም። የሙያ ደረጃውን፣ የራሱን ወዳጆች፣ በቤቱም ውስጥ ያለውን የመናገር አቅም ያጣል። ይህን ሸክም የሚወስደው ማን እንደሆነ፣ እስከ መቼስ እንደሚሸከም፣ ሁለታችሁም ዐይን ለዐይን እየተያያችሁ ተነጋገሩበት።

ሥራው በቀድሞው ከተማ ቀርቶ በየቀኑ መመላለስ ከታሰበ፣ ለአንድ ጉዞ 45 ደቂቃ በወር 22 የሥራ ቀን ሲባዛ ደርሶ መልሱ 33 ሰዓት ይሆናል። ከልጆች እንቅልፍ በፊት ያለው ጊዜ የሚቆረጠው ከዚህ ላይ ነው። ከተማዋ በአንድ ፋብሪካ ወይም በአንድ መሥሪያ ቤት የምትኖር ከሆነ ደግሞ እዚያ ቤት አትግዙ፤ ድርጅቱ ሲዘጋ ሥራውም የቤቱም ዋጋ በአንድ ጊዜ ይወድቃሉ።

ትምህርት ቤት

ርዕሰ መምህሩን የምትጠይቁት ስለ ቁጥር ይሁን። አንደኛ ክፍል ስንት ተማሪ አለ፣ የመጨረሻው ክፍልስ? ከታች 40 ሆኖ ከላይ 12 ከሆነ ልጆቹ የት እንደሄዱ ጠይቁ። በዚህ ዓመት ስንት መምህር ለቀቀ? መምህር ሲታመም ክፍሉን ማን ይይዛል? ለእያንዳንዱ ደረጃ አንድ ክፍል ብቻ ካለ፣ ልጃችሁ ከመምህሩ ጋር ባይግባባ ወይም ጓደኞቹ ቢያንገላቱት የምታዛውሩት ሌላ ክፍል የለም። ቀጣዩ ደረጃ ሌላ ከተማ ከሆነ ልጁ ስንት ዓመት ሲሞላው መመላለስ ወይም እንደገና መዛወር እንደሚመጣ አሁኑኑ ቁጠሩ። ለሕፃናት ማቆያ ደግሞ «ዛሬ ብናስመዘግብ መቼ ቦታ ይገኛል?» የምትለው ጥያቄ ትበቃለች። የንግግር ወይም ሌላ ልዩ እርዳታ የሚያስፈልገው ልጅ ካላችሁ፣ ባለሙያው በአካል በየስንት ጊዜው እንደሚመጣ ሳታረጋግጡ አንድ እርምጃ አትሂዱ።

ውኃ፣ መብራትና ኢንተርኔት

ቧንቧውን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ክፈቱት፤ ሰው ሁሉ በሚጠቀምበት ሰዓት ያለው ግፊት ነው እውነተኛው። ውኃው ከጉድጓድ ከሆነ በላቦራቶሪ አስመርምሩት። የዓለም ጤና ድርጅት ለፍሎራይድ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም፣ ለናይትሬት 50 ሚሊግራም ነው። ከመጠን ያለፈ ፍሎራይድ ገና በመሠራት ላይ ያሉትን የልጆች ቋሚ ጥርሶች ያበላሻል፤ ናይትሬት ደግሞ በተለይ በዱቄት ወተት የሚያድጉ ጨቅላዎችን ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ እነዚህን አያስወግድም፤ ውኃው በተነነ ቁጥር እንዲያውም ይበዛሉ።

ከቤት ለሚሠራ ሰው የኢንተርኔቱ ፍጥነት የሚለካው ማታ 2 ሰዓት ላይ፣ በዚያው ቤት ውስጥ ነው። ጥራት ላለው የቪዲዮ ስብሰባ በመላክም በመቀበልም በሰከንድ 4 ሜጋቢት ያህል ያስፈልጋል። መብራት ሲጠፋ መስመሩም አብሮ ይጠፋ እንደሆነ ጎረቤት ጠይቁ።

ሦስት ጉብኝትና የመመለሻ በር

አንዴ በሥራ ቀን ሂዱ፣ አንዴ በክፉው ወቅት፣ አንዴ ደግሞ ልጆቹን ይዛችሁ ሙሉ ሳምንት ተቀመጡ፤ በዚያ ሳምንት እንደተለመደው ሥራ ሥሩ፣ ምግብ አብስሉ፣ ልብስ እጠቡ። ሳምንቱ ሲያልቅ አንድ ነገር ጻፉ፦ ሁለታችሁም በአንድ ቀን ብትታመሙ ሕፃኑን የሚይዙ የሁለት ሰዎች ስም። ስም ማግኘት ካልቻላችሁ፣ ዝውውሩን ካልሰረዛችሁም በጀታችሁ ላይ የሞግዚት ክፍያ ጨምሩ። ትንሽ ከተማ ሰውን ይቀበላል፣ ግን በራሱ ጊዜ ነው።

ቤት መጀመሪያ ተከራዩ፣ ቢያንስ አራቱም ወቅቶች እስኪያልፉ። ገዢ ጥቂት በሆነበት ቦታ መግዛት ይቀላል፣ መሸጥ ይከብዳል። የቀድሞ ቤታችሁ የራሳችሁ ከሆነ አትሽጡት፣ አከራዩት። አሠሪ ከቤት መሥራት ወይም ያለ ደመወዝ ፈቃድ ከፈቀደ በጽሑፍ ተቀበሉ፣ የሚያበቃበት ቀንም ይጻፍበት።

የሦስት ወር ወጪና የመመለሻ ዕቃ ማጓጓዣ የሚሆን ገንዘብ ለብቻው ይቀመጥ፤ ለዕቃ መግዣ አይነካ። ከመሄዳችሁ በፊትም ሁለት ቀን ቀን መቁጠሪያ ላይ አክብቡ፣ 6ኛውንና 12ኛውን ወር። በ6ኛው ወር የመጀመሪያውን ወረቀት አውጥታችሁ የጎደለውን ታስተካክላላችሁ፤ ገና ስላልለመዳችሁ መመለስ በዚያ ቀን አይወሰንም። በ12ኛው ወር ግን ከሁለት አንዳችሁ «እንመለስ» ካለ፣ ያ አንድ ድምፅ እንዲበቃ ገና ሳትነሱ ተስማሙ።