አንስኩሊንግ በአሜሪካ፦ ሕጉን ሳይጥሱ እንዴት ይጀመራል?

"አንስኩሊንግ" የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ልደት ላይ ነው። አንዲት እናት ልጇን ከትምህርት ቤት እንዳስወጣች ስታወራ፣ አጠገቤ የተቀመጡ አሮጊት "ታዲያ ቀኑን ሙሉ ምን ሊሠራ ነው?" ብለው ጠየቁ። ካውንቲውም (የአካባቢው አስተዳደር) የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ልዩነቱ፣ ካውንቲው መልሱን በወረቀት ይፈልገዋል።

ቃሉን በ1970ዎቹ ያመጣው ጆን ሆልት የተባለ አሜሪካዊ መምህር ነው። አንስኩሊንግ ማለት ልጁ ትምህርት ቤት ሳይሄድ ከሚወደው ነገር ተነስቶ ሲማር ነው። ደወል የለም፣ በምዕራፍ የተከፋፈለ መጽሐፍም የግድ አይደለም። የሜሪላንድም ሆነ የቨርጂኒያ ሕግ ግን ለዚህ የተለየ ምድብ የለውም። በሕጉ ዓይን እናንተ ሆምስኩል የምታደርጉ፣ ማለትም ልጃችሁን ቤት የምታስተምሩ ወላጆች ናችሁ፣ አለቀ። ስለዚህ ልጁ በራሱ መንገድ ይማራል፣ እናንተ ደግሞ የተማረውን ለቢሮ ሰው በሚገባ ቋንቋ ትጽፋላችሁ። ከሁለቱ የሚከብደው የእናንተው ነው።

ሆምስኩል በ50ዎቹም ግዛቶች ይፈቀዳል፣ ደንቡ ግን እንደየግዛቱ ነው። ድልድዩን ተሻግሮ ከሜሪላንድ ቨርጂኒያ መግባት ብቻውን ወረቀቱን ይቀይረዋል። (ጀርመን ያላችሁ፣ ይህን ለማወቅ ያህል አንብቡት። እዚያ ከጥቂት ልዩ ሁኔታ በቀር ልጅ ትምህርት ቤት መሄድ አለበት።) እኔ በሜሪላንድ ልጀምር።

1. መጀመሪያ ወረቀቱ

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። አንድ ሰኞ ተናዶ ልጁን ያስቀረዋል፣ ፎርሙን ሐሙስ ይፈልጋል። በመሃል ያሉት ቀናት ያለ ምክንያት መቅረት ሆነው ይመዘገባሉ።

በሜሪላንድ የሆምስኩል ማሳወቂያ ፎርሙ፣ ቤት ማስተማር ከመጀመሩ ቢያንስ 15 ቀን ቀደም ብሎ ለካውንቲው ይገባል። ልጁ እስከዚያ ትምህርት ቤቱ ይሂድ። ከዚያ ለትምህርት ቤቱ የማስወጫ ደብዳቤ ትሰጣላችሁ። የሁለቱንም ቅጂ፣ የላካችሁበት ቀን የሚታይበትን ኢሜይል ጭምር አስቀምጡ። በየዓመቱም ትምህርት ከመጀመሩ በፊት እንደምትቀጥሉ ማሳወቅ አለባችሁ።

ፎርሙ ላይ ሁለት ምርጫ ታገኛላችሁ። አንዱ ካውንቲው ራሱ ሥራችሁን እንዲያይ ነው። ሁለተኛው፣ ሰዎች "አምብሬላ" የሚሉት ነው፤ ክትትሉን የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ ከሃይማኖት ተቋም ጋር የተያያዘ ትምህርት ቤት ይሆናል። አምብሬላዎቹ የየራሳቸው ደንብ ስላላቸው፣ አንስኩሊንግን ይቀበሉ እንደሆነ ሳትጠይቁ አትመዝገቡ። እኔን ብትጠይቁኝ በካውንቲው ጀምሩ።

"እዚህ አገር አልተማርኩም፣ እንግሊዝኛዬም እንዲያው ነው" ብሎ የሚፈራ ሰው አይጠፋም። ሜሪላንድ የወላጅን ዲፕሎማ አይጠይቅም።

2. ለጥቂት ጊዜ ልጁን ተዉት

ከትምህርት ቤት የወጣ ልጅ መጀመሪያ ላይ ይተኛል፣ ይሰለቻል፣ ስልክ ላይ ያፈጣል። ወላጁም በሁለተኛው ሳምንት ይደናገጥና አማዞን ላይ የሒሳብ መጽሐፍ ያዛል። ተረጋጉ። ላይብረሪ ውሰዱት፣ አብራችሁ አብስሉ፣ ምን እንደሚጠይቅ አዳምጡ። ሕጉ ግን ትምህርቱ በመደበኛነት የሚሰጥና የተሟላ እንዲሆን ስለሚል፣ ደብተራችሁን ከመጀመሪያው ቀን ክፈቱ።

3. ደብተሩ

ዋናው ነገር ይህ ነው። ሜሪላንድ የሚፈልጋቸው ትምህርቶች ስምንት ናቸው፦ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ሶሻል ስተዲስ፣ ሥነ ጥበብ፣ ሙዚቃ፣ ጤናና ስፖርት። በቀን ይህን ያህል ሰዓት የሚል ቁጥር የለም። ለሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ልጁ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ቢማር ማንም አይከለክለውም።

የእኛ ቤት ደግሞ ሳናውቀው በትምህርት የተሞላ ነው። የእንጀራ ቀንን እንውሰድ። የ10 ዓመት ልጅ ሊጡ ለምን ይቦካል ብሎ ጠየቀ እንበል። ትንሽ ሊጥ በሁለት ጎድጓዳ ሳህን ይካፈል። አንዱ ማሞቂያው አጠገብ፣ ሌላው ቀዝቃዛው መስኮት ሥር ይቀመጥ። የትኛው ቀድሞ ኩፍ አለ? በስንት ሰዓት? ኤርሾው ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ተሕዋስያን የሚያወጡት ጋዝ ነው በኋላ የእንጀራውን ዓይን የሚሠራው። ማታ ደብተሩ ላይ እንዲህ ይጻፋል፦

"ሳይንስ፦ ሙቀት በፍላት ላይ ያለው ውጤት። በሁለት ሙቀት ሞከረ፣ ሰዓቱን በሠንጠረዥ መዘገበ። ፎቶ አለ። ሒሳብ፦ የዱቄትና የውኃ መጠን በእጥፍና በግማሽ። እንግሊዝኛ፦ ያየውን በአንድ ገጽ ጻፈ።"

አያችሁ፣ ውሸት የለበትም። የሆነው ነገር በትክክለኛ ስሙ ተጠራ እንጂ።

እቁብ ሌላው ነው። 12 ሰው በወር 300 ዶላር ቢጥል ዕጣው የወጣለት 3,600 ዶላር ያገኛል። መጀመሪያ የደረሰውና መጨረሻ የደረሰው እኩል ተጠቀሙ ወይ? ይህ ጥያቄ የ14 ዓመት ልጅን ወለድ ውስጥ ይዞት ይገባል። የዘመን አቆጣጠራችንም አለ፦ 13 ወር፣ 5 ወይም 6 ቀን ያላት ጳጉሜን፣ ከፈረንጆቹ ጋር አንዴ 7 አንዴ 8 ዓመት የሚሆን ልዩነት። ልጁ የራሱን የልደት ቀን ይቀይረው፣ ከዚያ የአክስቱን። ዓድዋን (1896 በፈረንጆቹ) ካርታ ላይ ሲያሳይ ሶሻል ስተዲስ ነው። እስክስታ ስፖርትም ሙዚቃም ይሆናል፤ በአንድ ቀን በሁለቱም ሥር ባትጽፉት ግን ይሻላል።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አማርኛ እንግሊዝኛን አይተካም። ፊደል መቁጠሩን እንደ ተጨማሪ ቋንቋ መዝግቡት፣ ልጁ በእንግሊዝኛ የጻፈው ነገር ግን ሁልጊዜ ይኑር። ሁለተኛው ሒሳብ ነው። ሌላው ትምህርት ከኑሮ ጋር ይመጣል፣ ሒሳብ ግን ዝም ካሉት ዝም ይላል። በወሩ መጨረሻ ገልጣችሁ የሒሳቡ ቦታ ባዶ ከሆነ ነጻነት ነው ብላችሁ አትለፉት፣ ፈልጉት።

አሠራሩ ማታ አሥር ደቂቃ ነው። ቀን፣ ምን እንደተሠራ፣ የትምህርቱ ስም። የተነበቡ መጻሕፍት ዝርዝር ለብቻ ይሁን። ስዕል፣ ድርሰት፣ የሙዚየም ትኬት ስምንት ክፍል ባለው ማህደር ውስጥ ይግባ፤ ፖርትፎሊዮ የሚባለው እሱ ነው። ዋሽንግተን ያሉት የስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች ደግሞ መግቢያ አያስከፍሉም።

4. ሪቪው (ግምገማው)

ካውንቲው ፖርትፎሊዮውን በዓመት እስከ ሦስት ጊዜ ሊያይ ይችላል። ማህደሩን አቅርቡ፣ የተጠየቃችሁትን መልሱ። ስለ ትምህርት ፍልስፍና መከራከር አያስፈልግም፤ ገምጋሚዋ ስምንቱን ትምህርቶች ነው የምትፈልገው። ጉድለት ከተገኘ በጽሑፍ ይነገራችኋል፣ ለማስተካከልም 30 ቀን አላችሁ። ካላስተካከላችሁ ልጁ ወደ ትምህርት ቤት ይመለሳል። የስቴቱን ፈተና መውሰድ ግዴታ አይደለም፣ ከፈለጋችሁ ግን ልጁ በሰፈሩ ትምህርት ቤት እንዲፈተን መጠየቅ ትችላላችሁ።

5. ቨርጂኒያና ዲሲ ላላችሁ

ቨርጂኒያ ሁለት ቀን አላት። እስከ ኦገስት 15 የማሳወቂያ ደብዳቤ ከትምህርቶቹ ስም ዝርዝር ጋር ይገባል። ዝርዝር ብቻ ነው፣ የትምህርት ዕቅድ አትጨምሩበት። በተከታዩ ዓመት እስከ ኦገስት 1 ደግሞ ልጁ እየተሻሻለ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ትሰጣላችሁ። ለማስተማር የሚጠየቀው መስፈርት፣ የሃይስኩል ዲፕሎማ ላለው ወላጅ በዚያው ይሟላለታል፣ ለሌለውም ሌሎች መንገዶች አሉ።

ማስረጃው ፈተና ወይም የግምገማ ደብዳቤ ሊሆን ይችላል። ለአንስኩሊንግ ደብዳቤው ይመቻል። የሚጽፈው የመምህርነት ፈቃድ ያለው ወይም በአንድ የትምህርት ዘርፍ ማስተርስ ያለው፣ የልጁን ትምህርት የሚያውቅ ሰው ነው። መቼም በእኛ ሰፈር ማስተርስ ያለው ሰው አይጠፋም፣ ታክሲ ውስጥም ቢሆን። ደብተሩን ለእሱ ታሳያላችሁ።

ዲሲ ማሳወቂያውን ከ15 የሥራ ቀናት በፊት ይፈልጋል፣ የወላጅንም ዲፕሎማ ይጠይቃል፤ ለሌለው ማመልከቻ የሚያቀርብበት መንገድ አለ። የትምህርቶቹ ዓይነት ከሜሪላንድ ጋር ይመሳሰላል።

6. አያት

የቤተሰብ ስብሰባ ሲመጣ ካውንቲው ቀላል ነበር ትላላችሁ። ከአዲስ አበባ ይደወላል፦ "ልጄ፣ እኛ ለትምህርት ብለን ነው የላክንሽ!" ከመከራከር ይልቅ ለእማማ ሥራ ስጧቸው። በሳምንት አንድ ቀን በቪዲዮ "ተረት ተረት" ይበሉለት። ልጁ "የላም በረት" ብሎ ይስማ፣ ከዚያ ተረቱን በእንግሊዝኛ ይጻፈው። ለእንግሊዝኛው ክፍል አንድ ገጽ አገኛችሁ፣ እማማም መምህር ሆኑ።

ዓመቱ አልሰመረ እንደሆነም በሩ አልተዘጋም። ሜሪላንድ ውስጥ ልጁ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ሲመለስ በየትኛው ክፍል እንደሚገባ ገምግመው ይወስናሉ። ያን ቀን ማህደሩን ይዛችሁ ሂዱ።