ሆላንድኛ ለምትማሩ፦ «ሳመንፋቲንግ» አትለፉ

ሆላንድ ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ ቋንቋውን ቢ1 (መካከለኛ ደረጃ) አካባቢ ካደረሳችሁት አንድ ነገር ልጠቁማችሁ። የመማሪያ መጽሐፉ ስለ ገበያና ስለ አየር ጠባይ ያወራል። እናንተ ግን ስለ ምርምራችሁ ነው ማውራት ያለባችሁ።

እዚያ የሚታተሙ የዶክትሬት ጽሑፎች በእንግሊዝኛ ቢጻፉም፣ ብዙ ጊዜ መጨረሻቸው ላይ «ሳመንፋቲንግ» የሚባል የሆላንድኛ ማጠቃለያ አላቸው። ብዙዎቹ በየዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ በነጻ ይገኛሉ። ከራሳችሁ ዘርፍ አንዱን ምረጡ። መጀመሪያ የእንግሊዝኛውን ማጠቃለያ፣ ቀጥሎ የሆላንድኛውን አንብቡ። ሐሳቡን ቀድማችሁ ስላወቃችሁት መዝገበ ቃላት በየመስመሩ አትገልጡም።

ተደጋግመው የሚመጡ ሐረጎችን ደብተር ላይ አስፍሩ። ለምሳሌ «ብላይክት ዳት» ውጤት ሲነገር አይጠፋም፤ «እንዲህ መሆኑ ታይቷል» እንደማለት ነው። ከ«ዳት» በኋላ ግሡ ወደ መጨረሻ ይሄዳል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ እዚህ ላይ ይንገዳገዳሉ። እኛማ ዕድሜ ልካችንን ግስ መጨረሻ ላይ ስናስቀምጥ ነው የኖርነው!

ቁጥር ላይ ግን ተጠንቀቁ። 1.500 ማለት አንድ ሺህ አምስት መቶ ነው። አንድ ተኩል የሚጻፈው 1,5 ተብሎ ነው። እኔ ይቺን ሰንጠረዥ ላይ አሳስቼ በሰው ፊት አፍሬያለሁ።