ባሕር ዳር ላይ የኩባያና የቲሸርት ህትመት ሥራ ለሚጀምሩ

በዚህ ሥራ ገንዘብ የሚያልቀው ከማሽኑ ዋጋ ይልቅ በተበላሸ ዕቃና በዘገየ ክፍያ ነው። ስለዚህ ሁሉንም ለማተም አይነሱ፤ ለመጀመሪያው ዓመት ነጭ ኩባያና ቲሸርት ይበቃሉ። እስክሪብቶና የቁልፍ መያዣ ሲታዘዙ አዲስ አበባ አሳትሞ ማምጣት ይሻላል።

የሚያስፈልገው የሰብሊሜሽን ቀለም (በሙቀት ከወረቀት ወደ ዕቃው የሚተላለፍ ቀለም) የተሞላ ፕሪንተር፣ 38 በ38 ሴንቲ ሜትር ሂት ፕሬስ (ምስሉን በሙቀት የሚጫን ማሽን)፣ የኩባያ ፕሬስ፣ የሰብሊሜሽን ወረቀትና ሙቀት የሚችል ቴፕ ነው። ሂት ፕሬሱ ብዙውን ጊዜ 1,800 ዋት ገደማ ይስባል። የእንጀራ ምጣድ በተሰካበት መስመር ላይ አይሰኩት፤ ኃይሉ ሲወርድ ሙቀቱም ይወርዳል፣ ምስሉም ገርጥቶ ይወጣል።

ወረቀቱ ላይ የታተመው የሰብሊሜሽን ቀለም ሲሞቅ ወደ ጋዝ ተለውጦ ፖሊስተር ውስጥ ይገባል። ጥጥ አይቀበለውም፤ ሲታጠብ ይለቃል። ጥቁር ጨርቅ ላይም አይታይም። ነጋዴው «ፖሊስተር ነው» ቢልዎ ክር መዘው በክብሪት ያቃጥሉ፤ ቀልጦ ጠጣር እንክብል ከሆነ ፖሊስተር ነው፣ ወረቀት ወረቀት ሸትቶ አመድ ከሆነ ጥጥ ነው። ለጥጥና ለጥቁር ቲሸርት ዲቲኤፍ ፊልም (ምስሉ ታትሞበት በሙቀት ጨርቁ ላይ የሚለጠፍበት ፕላስቲክ) ያሳትሙና በ150–160 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ ያህል ይጫኑ። ኩባያውም ሽፋን የተቀባ የሰብሊሜሽን ኩባያ መሆን አለበት፤ ተራ የሸክላ ኩባያ ቀለሙን አይዝም።

ለኩባያ 180 ዲግሪና 180 ሰከንድ፣ ለፖሊስተር ቲሸርት 195 ዲግሪና 50 ሰከንድ መነሻ ይሁንዎ። ማሽን ከማሽን፣ ዕቃም ከዕቃ ስለሚለያይ አዲስ ካርቶን በከፈቱ ቁጥር አንድ ዕቃ ይሞክሩ። ምስሉን ወረቀቱ ላይ ገልብጦ ማተም አይርሱ፤ ኩባያው ላይ ፊደሉ በመስታወት እንደሚታይ ሆኖ ከወጣ ኩባያው አይመለስም። ወረቀቱ በመጫን ላይ ሳለ ከተንቀሳቀሰ ጥላ ይወጣል፤ ዳርና ዳሩን በቴፕ አጥብቀው ይለጥፉ።

እዚህ ከተማ በተለይ የሚያስቸግረው ክረምቱ ነው። የምረቃ ትዕዛዝ የሚበዛው ሰኔና ሐምሌ ላይ ነው፤ ወረቀት እርጥበት የሚጠጣውም ያኔው ነው። እርጥብ ወረቀት ሲሞቅ እንፋሎት ይለቅና ቀለሙን ያጠፋፋዋል። ወረቀቱን በተዘጋ ፕላስቲክ ያኑሩ። ቲሸርቱን ደግሞ ባዶውን ለ5 ሰከንድ ጭነው ያድርቁት፣ ከዚያ ያትሙበት። መብራትም ስለሚሄድ የቀን ቀጠሮ ሲሰጡ ሁለት ቀን ትርፍ ይያዙ። ለጥምቀት ቲሸርት የሚያዝዙ ወጣቶች ግን ጥር 11 ካለፈ ዕቃውን አይፈልጉትም፤ ትዕዛዙን ታኅሣሥ ላይ ይዝጉ።

ከሁሉ በላይ አማርኛውን ይጠንቀቁ። ደንበኛው የላከው ፋይል ያለ ፊደሉ ቅርጽ (ፎንት) ከመጣ ጽሑፉ ወደ ባዶ ሳጥን ሊለወጥ ይችላል፤ ፊደሉን ወደ ምስል መስመር (አውትላይን) ቀይሮ እንዲልክ ይጠይቁት። «ባሕር ዳር» እና «ባህር ዳር»፣ «ዓባይ» እና «አባይ» ሁለቱም ይጻፋሉ፤ የድርጅቱን አጻጻፍ ከማኅተሙ ላይ ይገልብጡ፣ አንድ ናሙና አትመው ያስፈርሙ። ስህተቱ ከፊርማው በኋላ ከተገኘ የማን እንደሆነ አያከራክርም።

ዋጋ ሲተምኑ ብልሽቱን ያስገቡ። ባዶው ኩባያ 200 ብር ቢገዛና ከ100 አምስቱ ቢበላሹ፣ የሚሸጡት 95ቱ እያንዳንዳቸው ወደ 210 ብር ከ50 ወጥቶባቸዋል ማለት ነው። ቀለም፣ ወረቀት፣ መብራት፣ ማጓጓዣና ጉልበት የሚደመሩት ከዚህ በኋላ ነው። 100 ቲሸርት ከታዘዘ 104 ይግዙ፤ የልብሱን ልክ (ስሞል፣ ሚዲየም፣ ላርጅ) ደንበኛው ራሱ ጽፎ ይስጥ።

ከግል ደንበኛ ቢያንስ ባዶውን ዕቃ የሚገዛ ቀብድ ይቀበሉ። መሥሪያ ቤቶች ግን ፕሮፎርማ ሰብስበው ያወዳድራሉ፣ የሚከፍሉትም ከተረከቡ በኋላ ነው፤ ያለ ንግድ ፈቃድና ያለ ቲን ቁጥር አይቀበሉዎትም። የመንግሥት ከሆነ ሲያስረክቡ ሞዴል 19 (ዕቃውን መረከባቸውን የሚያሳይ ደረሰኝ) ይቀበሉ። እስኪከፈልዎ የሚያቆይ ገንዘብ ከሌለዎት ትልቁን ትዕዛዝ ለጊዜው ይተዉት።

ለሐይቁ ዳር ሆቴሎችና ለዘጌ ጀልባ ተሳፋሪዎች የሚሸጥ ኩባያ ላይ ታንኳ ወይም ጢስ ዓባይ ይሣሉ፣ ዓመተ ምሕረት ግን አይጻፉበት፤ ያልተሸጠው ለሚቀጥለው ዓመት ያገለግላል።