ላፕቶፕ ይዞ ከድሬ ወደ ናይሮቢ

የድሬ ልጆች፣ ይሄ በኢንተርኔት እየሠራችሁ ለምትኖሩ፣ ናይሮቢ ገና ለገባችሁ ነው። ኮድ ጻፉ፣ ዲዛይን ሥሩ፣ ቪዲዮ አቀናብሩ፣ ጉዳዩ አንድ ነው።

መጀመሪያ ቤት። እንደደረስን ሁላችንም የምንጠይቀው ኪራዩን ነው። እኔ ግን ከኪራዩ በፊት ኢንተርኔቱን ጠይቁ እላለሁ። ስብሰባ መሃል የሚቋረጥ መስመር ደንበኛ ያሳጣችኋል፤ ያኔ ርካሹ ቤት ውድ ሆነ ማለት ነው። ቤት ልታዩ ስትሄዱ ላፕቶፑን ይዛችሁ ሂዱ። ጎረቤቱ ሁሉ ፊልም በሚያይበት ምሽት ላይ ቢሆን ይመረጣል። ፋይበር መግባቱን ከደላላው ሳይሆን ከተከራዮቹ አጣሩ። መብራት እዚያም ይጠፋል፣ ስለዚህ ጄኔሬተር ካለ የት የት እንደሚያበራ ጠይቁ፤ አንዳንዱ ለኮሪደሩ ብቻ ነው። ስልካችሁ ላይ ሁልጊዜ መጠባበቂያ ዳታ ይኑር። አከራዮች ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ወር ኪራይ በተጨማሪ የአንድ ወር ማስያዣ ይፈልጋሉ፤ ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትክፈሉ።

ሰፈር የምትመርጡ ከሆነ፣ ኢስሊ አማርኛም ኦሮምኛም ሶማልኛም ይሰማል። ሦስቱን እየቀላቀለ ያደገ የድሬ ልጅ እዚያ ባይተዋር አይሆንም። ይሄ ሌላው የሌለው ሀብት ነው፣ ተጠቀሙበት። ለማረፊያ፣ ለእንጀራና ለወሬ ኢስሊ ጥሩ ነው። ለሥራ ግን ጫጫታው ይከብዳል። አቅም ካለ ኪሊማኒ አካባቢ ተከራይታችሁ ለገበያ ኢስሊ ብትመላለሱ ይሻላል ባይ ነኝ።

ገንዘብ በኤምፔሳ ነው የሚንቀሳቀሰው። ኪራይ፣ ታክሲ፣ ቲማቲም፣ ሁሉም በስልክ ይከፈላል። ሲም ካርዱን በራሳችሁ ፓስፖርት አውጡ። በጓደኛ ስም በወጣ መስመር ላይ ገንዘብ ማስቀመጥ ፍቅራችሁን ያበላሻል። አገር ቤት ሆነን ገንዘብ መቀበል የማንችልበት ፔይፓል ኬንያ ውስጥ ወደ ኤምፔሳ ያወጣል። ለፍሪላንሰር ይሄ ትልቅ እፎይታ ነው።

ሰዓቱ ከድሬ ጋር አንድ ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪውም ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛ ከንጋት ጀምሮ ነው። ቀጠሮ በእንግሊዝኛ ሲሆን ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ነውና ደግማችሁ አረጋግጡ። ደንበኛችሁ ኒውዮርክ ከሆነ፣ የእሱ ጠዋት ሦስት ሰዓት የእናንተ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ነው፣ በእነሱ የብርድ ወራት ደግሞ አሥራ አንድ። እዚህ ላይ የሰፈራችን የከዚራ ልማድ ያግዛል፦ ከምሳ በኋላ አረፍ ብሎ፣ ሲመሽ መበርታት። እሱን አትተዉት። ችግር የሚሆነው ዕረፍቱ ወደ በርጫ፣ ማለትም ጫት ወደ መቃም፣ ተለውጦ ምሽቱን ሲበላው ነው።

ብርዱን አትናቁት። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ናት፣ ናይሮቢ 1,800 ትጠጋለች። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሰማዩ ይጨፍናል፣ ጋቢ ያስፈልጋል። ሶኬቱ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ነው፤ አዳፕተር ግዙ። እናታችሁ በርበሬና ሐልዋ ስትልክ ደግሞ በፌስታል እንዳትጠቀልለው ንገሯት፤ ኬንያ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፌስታል ከልክላለች።

ወረቀቱን ለነገ አትበሉ። ኢትዮጵያዊ ለአጭር ጊዜ ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያ ግን የሥራ ፈቃድ አይደለም። ማህተሙ ላይ የተሰጣችሁን ቀን አሁኑኑ እዩና ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ ያዙ። ለውጭ አገር ድርጅት በርቀት ለሚሠሩ ሰዎች ኬንያ በ2024 እ.ኤ.አ. ክላስ ኤን የሚባል ፈቃድ ጀምራለች። ለመቆየት ካሰባችሁ የገቢ ማስረጃ ይጠየቃልና የደንበኛ ውላችሁንና የባንክ መግለጫችሁን ከመጀመሪያው ወር ጀምራችሁ በአንድ ፎልደር ሰብስቡ።