ተቀባይ ያጣ ዘፈን፦ ሁለት ሆነው ድሪምፖፕ ለሚሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ክረምት ነበር፤ ደሴ ፒያሳ አካባቢ፣ ከአንድ ካፌ ጀርባ ያለች አዳራሽ ውስጥ። ልጅቱ ማይክ ይዛለች፣ ልጁ ጊታርና ላፕቶፕ። የሚጫወቱት ድሪምፖፕ ነው፤ ዝግ ያለ፣ እንደ ጉም የሚንሳፈፍ ፖፕ። ሳውንዱን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሦስተኛው ዘፈን ሲያልቅ ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት ወደ እኔ ዞረው፣ «አንተ ልጅ፣ ይቺን ልጅ ከጉድጓድ አውጣት እንጂ! ድምጿስ ያምራል፤ ግን ምን አለች?» አሉኝ። «እትዬ፣ ስታይሉ እኮ ነው» ብዬ ሳቅኩ። መሳቅ አልነበረብኝም። ከዚያ ወዲህ ያየኋቸውን ስህተቶች ልጻፋቸው፤ ግማሾቹ የራሴ ናቸው።

«ሕዝቡ አልገባውም» ማለት

ያን ማታ ዕቃ ስንሰበስብ ልጁ ያለው ይህንኑ ነው። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ወሎ ውስጥ ያደገ ጆሮ ዝግ ያለና የሚደጋገም ዜማ ብርቁ አይደለም። መንዙማ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ የሰማ ሰው፣ አንድ ትዝታ ላይ ግማሽ ሰዓት የሚቆዝም ሰው፣ አምስት ደቂቃ የሚንሳፈፍ ጊታር አያስደነግጠውም። የጎደለው ሌላ ነው። እኛ ዘንድ ዘፈን አውጪና ተቀባይ አለው። አውጪው ይላል፣ ተቀባዩ ይመልሳል፤ አድማጩም ገና ሲቀመጥ የሚቀበለውን እየጠበቀ ነው። እናንተ ሁለት ናችሁ፤ ሁለታችሁም ታወጣላችሁ፣ የሚቀበል የለም። ቢያንስ በየዘፈኑ አንዲት አጭር ስንኝ ሰው አፍ ላይ እንድትገባ አድርጋችሁ ተዉለት።

ቃሉን በሪቨርብ ማስመጥ

ይህ ትልቁ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። ሪቨርብ ድምፅን እንደ ገደል ማሚቶ የሚያስተጋባው ኢፌክት ነው። ስኮትላንድ ውስጥ በ1979 (እ.ኤ.አ.) የተመሠረተው የኮክቶ ትዊንስ ባንድ ዘፋኝ ኤልዛቤት ፍሬዘር ስታዜም እንግሊዝኛ አፉን የፈታበት ሰው እንኳ ቃሉን ለይቶ አይሰማም ነበር፤ እሷም የተወደደችው በዚያው ነው። ብዙ ልጆች ይህን ሰምተው ማይኩ ላይ ሪቨርብ ይቆልላሉ። አማርኛ ግን ይጠብቃል፣ ይላላል። «ልቤ ይመታል» የሚለውን ውሰዱ። ሲላላ ልብ ይመታል፤ ሲጠብቅ ልብ ራሱ ተመቺ ነው። ልዩነቱ ያለው «መ» በመጥበቋና «ታ» ከመውጣቷ በፊት ባለች አንዲት ቅጽበት ዝምታ ላይ ነው። የሪቨርቡ ጭራ ያቺን ዝምታ ሲሞላት ጥብቀቱ ይጠፋል፣ ከሱም ጋር ወርቁ። እትዬ «ምን አለች?» ያሉት ትክክል ነበሩ።

ሪቨርቡን አጥፉ አላልኩም፤ ያለ ሪቨርብማ ድሪምፖፕ የለም። ፕሪ-ዲሌዩን (ቃሉ ወጥቶ ማስተጋባቱ እስኪጀምር ያለውን ክፍተት) ከ60 እስከ 80 ሚሊ ሰከንድ ክፈቱት፤ ቃሉ ቀድሞ ይወጣል፣ ጉሙ ይከተለዋል። ሪቨርቡ ላይ ከ250 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ ቁረጡ። ከዚያ አንድ ግጥሙን የማያውቅ ሰው ጠርታችሁ የሰማውን አስጽፉት። ከአራት ስንኝ ሦስቱን ካልጻፈ ሚክሱ (የድምፆቹ ቅልቅል) አላለቀም።

አምባሰል ላይ ያገኙትን ኮርድ መለጠፍ

ባቲና አምባሰል ስማቸውን ከዚሁ ከወሎ ይዘው የወጡ ቅኝቶች ናቸው፤ እዚህ ማበላሸት ያሳፍራል። አምባሰል ዶ፣ ሬ ቢሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቢሞል ነው (ቢሞል ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ)። ሚ የለውም። ልጁ ታዲያ ከዶ ተነስቶ ሙሉ ዶ ሜጀር ኮርድ (ዶ፣ ሚና ሶል አንድ ላይ) ይመታል፤ ሚዋ ትገባለች፤ ማሪቱ ለገሰን እየሰማ ያደገ ሰው ፊቱን ያጨማድዳል። ለምን እንደሆነ አይነግራችሁም፤ ዝም ብሎ ስልኩን ያወጣል። እዚያው ቅኝቱ ውስጥ ሬ ቢሞል፣ ፋ፣ ላ ቢሞልና ዶ አሉ፤ አንድ ላይ ሲመቱ ሜጀር ሰቨን ኮርድ ይሆናሉ፣ ሕልም ሕልም የሚለው እሱ ራሱ ነው። ባቲ ደግሞ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ስለሆነ ሜጀር ሰቨኑን ከነመነሻው ይዞላችሁ ተቀምጧል። ሰው ከውጭ የሚያመጣውን ኮርድ ባቲ ቤቷ አስቀምጣለት እያለ!

በጆሮ ማዳመጫ ብቻ ሚክስ ማድረግ

ይህ የኔ ነው። የነሱን የመጀመሪያ ዘፈን ሌሊት በጆሮ ማዳመጫ ሠርቼ፣ ጊታሩን ኮረስ በሚባለው ድምፅ አባዢ ኢፌክት ግራና ቀኝ ዘርግቼ፣ በራሴ ተደስቼ ተኛሁ። ጠዋት ወደ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ስሄድ ፍላሹን ለባጃጁ ልጅ ሰጠሁት። ባጃጁ የሚሠራ ስፒከሩ አንድ ነው። ድምጿና ከበሮው አሉ፤ ጊታሩ የለም።  ግራና ቀኝ ተገላብጠው የተዘረጉ ድምፆች ወደ ሞኖ (ወደ አንድ መስመር) ሲጣጠፉ እርስ በርስ ይሰራረዛሉ። ሾፌሩ ከመስተዋቱ አይቶኝ «ወንድሜ፣ ይሄ ገና አላለቀም አይደል?» አለኝ። አላለቀም ነበር። ሚክሱ ላይ ሞኖ የምትል ቁልፍ አለች፤ በየአሥር ደቂቃው ተጫኗት። ብዙ ስልክም ሞንታርቦም ሞኖ ናቸው፤ የኛ አድማጭ ደግሞ ያለው እዚያ ነው።

አዳራሹን አለመቁጠር

ግድግዳው ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ አዳራሹ የራሱ ሪቨርብ አለው። ቤት ውስጥ ብርድ ልብስ ሰቅላችሁ ያስተካከላችሁትን መጠን እዚያ አትድገሙት፤ በግማሽ ቀንሱ። ሰው ሲሞላ ደግሞ ይለወጣል፣ ምክንያቱም የለበሰው ጋቢና ጃኬት ድምፅ ይጠጣል።

ሁለት መሆንን መደበቅ

ቢች ሀውስ ከባልቲሞር፣ በ2004 (እ.ኤ.አ.) የጀመሩ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ በኦርጋን፣ በጊታርና በከበሮ ማሽን ነው ስማቸውን የተከሉት። የኛዎቹ ግን ላፕቶፑ ላይ ቫዮሊን፣ ቤዝ፣ ኳየር ሁሉ ጭነው ይመጣሉ፤ መድረክ ላይ የሚታየው ሁለት ሰው፣ የሚሰማው ሃያ። አድማጭ ይህን ቶሎ ያውቃል፤ ፕሌይባክ (ተቀድቶ የመጣ) ነው ብሎም ይተዋችኋል።

መግቢያውን ማንዛዛት

መድረክ ላይ ሁለት ደቂቃ መግቢያ ይቻላል፤ እንዲያውም እወደዋለሁ። ኦንላይን ግን ስፖቲፋይ አንድን ዘፈን እንደተደመጠ የሚቆጥረው 30 ሰከንድ ሲሞላ ነው፤ ከ2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ደግሞ ባለፉት 12 ወራት 1,000 ጊዜ ላልተደመጠ ዘፈን አይከፍልም። ለዚያ አጠር ያለ ቅጂ ሥሩ። ረጅሙን በቴሌግራምና በፍላሽ አዳርሱት፤ ከወልዲያ እስከ ኮምቦልቻ ሙዚቃ ሲዞር የማየው በዚያ ነው።

ድርሻን አለመጻፍ

«እኛ እኮ ወንድምና እህት ማለት ነን» ይላሉ። ይሁን። ዜማው የማን፣ ግጥሙ የማን፣ ቅንብሩ የማን እንደሆነ አንድ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፤ ሲጣሉ ግን የሚፈለገው ወረቀቱ ነው።

የመጀመሪያውን አቀባበል እንደ ፍርድ መውሰድ

እንግሊዞቹ ስሎውዳይቮች በ1993 (እ.ኤ.አ.) ያወጡትን አልበም የሀገራቸው የሙዚቃ ጋዜጦች አብጠልጥለውታል። ሁለት ዓመት ቆይተው የሚቀጥለውን ሲያወጡ አሳታሚያቸው አሰናበታቸው፤ ባንዱም ተበተነ። በ2014 (እ.ኤ.አ.) ሲመለሱ ያንኑ አልበም በቃሉ የያዘ፣ ሲወጣ ገና ያልተወለደ ወጣት ሁሉ ጠበቃቸው።

የኛዎቹ ሁለቱ ግን ከዚያ አዳራሽ በኋላ ሦስት ወር ዝም አሉ። በጥቅምት ልጅቱ ደውላ፣ «የዛን ለታ የነበሩት እናት ቤታቸው የት ነው?» አለችኝ። ሰኞ ገበያ ሰፈር መሆኑን ነገርኳት። ቅዳሜ ዕለት ጊታር ብቻ ይዘው ሄዱ፤ ቡና ተፈልቶ ጠበቃቸው። እኔ ማይክም ሪቨርብም ሳልይዝ በሩ ሥር ተቀመጥኩ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ እትዬ ሲኒውን አስቀምጠው ተቀበሏት።