ኑሮ በከበደበት ዘመን ዳግም የሚወዳደር ከንቲባ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከንቲባ ገንዘብ አያትምም፤ የወለድ ምጣኔ አይወስንም፤ የነዳጅ ዋጋም በእጁ አይደለም። ኑሮ ሲከብድ ግን መራጩ በቅርብ የሚያገኘው እሱን ነው። ፋብሪካ ቢዘጋ፣ ቆሻሻ ሳይነሳ ቢሰነብት፣ አውቶቡስ ቢቀር ጥያቄው የሚመጣው ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ዳግም ለመመረጥ ከተነሱ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በክፉ ዘመን ከወንበራቸው የተነሱ ከንቲባዎችን ታሪክ ሳነብ፣ ብዙዎቹን የጣላቸው የገንዘብ እጥረቱ ብቻ ሆኖ አላገኘሁትም። እጥረቱንማ ሕዝቡ በየቤቱ እየኖረው ነው። አልችል ያለው መታለልን፣ መከራውንም ብቻውን መሸከምን ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጉድለቱን ምርጫው እስኪያልፍ መደበቅ

ከሁሉም የከፋው ይህ ይመስለኛል። ገቢ ሲቀንስ የዕለት ወጪን በአጭር ጊዜ ብድር መሸፈን፣ ገና ያልተሰበሰበ ግብርን እንደ ገባ መቁጠር፣ የዘንድሮን ወጪ ወደ ከርሞ ማሻገር፦ ሁሉም ለጥቂት ጊዜ ያስተነፍሳል። ኒውዮርክ ለዓመታት እንዲህ ስትኖር ቆይታ በ1975 ባንኮች ከእንግዲህ አናበድርም አሏት። ከንቲባው አብርሃም ቢም ቀድሞ የከተማዋ የሂሳብ ተቆጣጣሪ የነበሩ፣ ሂሳብ አዋቂነታቸውን ይዘው ለምርጫ የቀረቡ ሰው ነበሩ። በሺዎች የሚቆጠሩ ፖሊሶች፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞችና መምህራን ተሰናበቱ፤ በበጋው የጽዳት ሠራተኞች ሥራ አቁመው ቆሻሻ በየመንገዱ ተከመረ። በ1977 ፓርቲያቸው ዕጩውን ሊመርጥ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው፣ የፌዴራሉ የአክሲዮንና የቦንድ ገበያ ተቆጣጣሪ ከተማዋ ቦንድ ገዢዎችን አሳስታለች የሚል ሪፖርት አወጣ። ቢም በውድድሩ ሦስተኛ ወጡ።

ስለዚህ ቁጥሩን ሌላ ሰው ሳይናገረው እርስዎ ይናገሩት። ምን ያህል እንደጎደለ፣ ምን እንደሚቀነስ፣ በተለይ ደግሞ ምን እንደማይነካ። ብዙ ከንቲባዎች የመጨረሻውን ይዘነጉታል። ሰው የሚፈራው ቅነሳውን ብቻ ሳይሆን የቅነሳውን ማብቂያ አለማወቁን ነው። የልጆች ክትባት አይነካም፣ የምሽት አውቶቡስ አይቀርም ተብሎ በግልጽ ከተነገረው ሌላውን ለመታገስ ይዘጋጃል።

ሕዝቡን “ቻል” እያሉ ለቅርብ ሰው መጨመር

በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት የሚገኘው የማያሚ ዴድ ካውንቲ (የማያሚ ከተማና አካባቢዋ አስተዳደር) ከንቲባ ካርሎስ አልቫሬዝ በ2008 በሰፊ ድምፅ ዳግም ተመርጠው ነበር። በዚያ ሰሞን የቤት ዋጋ ወድቆ ብዙ ቤተሰብ ቤቱን በዕዳ እያጣ ነበር። በ2010 የጸደቀው በጀታቸው የንብረት ግብር ምጣኔውን ከፍ አደረገ፤ ለሠራተኞችም የደመወዝ ጭማሪ ያዘ። ለቅርብ ረዳቶቻቸው ያደረጉት ጭማሪም መነጋገሪያ ሆነ። ለግብሩ ምክንያት ነበራቸው፤ የንብረት ዋጋ ሲወርድ የአስተዳደሩ ገቢም ወርዷል። ነገር ግን ያንን ምክንያት የሚሰማ ጆሮ አልቀረም። መጋቢት 2011 ከሥልጣን ይነሱ አይነሱ ተብሎ ድምፅ ሲሰጥ 88 ከመቶ ያህሉ ይነሱ አለ።

እዚህ ላይ የገንዘቡ መጠን ዋናው ነገር አይደለም። ለጥቂት ረዳቶች የተጨመረ ደመወዝ ከአጠቃላይ በጀቱ አንጻር ኢምንት ነው። ሥራውን ያጣ አባት ግን የሚያነበው ከበጀቱ ሰነድ ያቺን አንዲት መስመር ነው፤ መብቱም ነው። ቅነሳ ካለ ከራስዎ ቢሮ፣ ከመኪናው፣ ከጉዞ አበሉ ይጀምር፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሕዝቡ ይሂዱ።

የዓመቱን ቀዳዳ ለመድፈን የትውልዱን ንብረት መሸጥ

ቺካጎ በ2008 መጨረሻ የመንገድ ዳር መኪና ማቆሚያ ክፍያዎቿን ለ75 ዓመት በ1.15 ቢሊዮን ዶላር ለግል ባለሀብቶች አስተላለፈች። ምክር ቤቱ ጉዳዩ በቀረበለት በቀናት ውስጥ አጸደቀው። በቀጣዩ ዓመት የከተማዋ ዋና መርማሪ ውሉ ቢያንስ 974 ሚሊዮን ዶላር ተጨማሪ ሊያወጣ ይችል እንደነበር ጻፈ። አብዛኛው ገንዘብ የበጀት ጉድለት መሙያ ሆኖ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አለቀ፤ ውሉ ግን ገና አለ።

አልሸጥም ማለትም ዋጋ አለው፤ ይህን መሸፋፈን አልፈልግም። በ31 ዓመታቸው የክሊቭላንድ ከንቲባ የሆኑት ዴኒስ ኩሲኒች የከተማዋን የመብራት ድርጅት አልሸጥም በማለታቸው ባንኮች ብድሩን ለማራዘም ፈቃደኛ አልሆኑም፤ ታኅሣሥ 1978 ክሊቭላንድ ዕዳዋን መክፈል አቃታት። በ1979 ምርጫ ተሸነፉ። ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ የከተማዋ ምክር ቤት ባለመሸጣቸው አመሰገናቸው። በእኔ እምነት አቋማቸው ትክክል ነበር። የጎዳቸው ከምክር ቤቱም፣ ከፖሊስ አዛዡም፣ ከነጋዴውም ጋር በአንድ ጊዜ መጣላታቸው ነው። ከባድ ውሳኔ የሚወስን ከንቲባ አብሮት የሚቆም ሰው ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ትንንሹን ጠብ ይተዉት።

አንዱን ሰፈር አገልግሎ ሌላውን መዝለል

ገንዘብ ሲያጥር የሚቀረው አገልግሎት ብዙውን ጊዜ የሚቀረው ድምፁ በማይሰማ ሰፈር ነው። በጥር 1979 ቺካጎን ከባድ በረዶ ሲመታት፣ የከተማ ባቡሮች በተለይ ጥቁሮች በሚኖሩባቸው ሰፈሮች ሳይቆሙ ያልፉ ጀመር። ከንቲባ ማይክል ቢላንዲች በየካቲት ማለቂያ በጄን በርን ተሸነፉ፤ ያልቆመው ባቡር የተሳፋሪዎቹን ድምፅ ይዞባቸው ሄደ። በጀት ከመቀነስዎ በፊት ካርታ ላይ ያስቀምጡት፤ ቅነሳው ሁሉ አንድ አቅጣጫ ላይ ከተከማቸ ስህተቱ ያኔ ይታያል።

ስህተትን አለማመን

የኒውዮርኩ ጆን ሊንዚ በ1969 ከበረዶ በኋላ ኩዊንስ የተባለው የከተማዋ ክፍል ለቀናት ሳይጠረግ በመቆየቱ በገዛ ፓርቲያቸው ሳይቀር ተጥለዋል። በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ቀርበው አጥፍቻለሁ አሉ፤ በሌላ ፓርቲ ስም ተወዳድረውም አሸነፉ። ሰው ይቅር ይላል፤ ግን ማን እንደሚጠይቀው ማወቅ አለበት።

ስለ ሪባን መቁረጥና ስለ ትልልቅ ፖስተር ብዙ ማለት አያስፈልግም። በችግር ጊዜ ይተዉት።

ከላይ እርዳታ እስኪመጣ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ

በ1893 የአሜሪካ ባንኮችና ፋብሪካዎች በየተራ ሲዘጉ ዲትሮይት በሥራ አጥ ተሞላች። ከንቲባው ሄዘን ፒንግሪ ባለቤቶቻቸው ያላለሟቸውን ባዶ ቦታዎች ለምነው ለችግረኛ ቤተሰቦች ሰጡ፤ ድንችና አትክልት ይትከሉበት አሉ። ብዙዎች ሳቁባቸው፤ የድንቹ ከንቲባ አሏቸው። ለዘርና ለመሣሪያ የሚሆን መዋጮ ሲያጥር የሚወዱትን ፈረሳቸውን ሸጡ። በመከር ወራት ቤተሰቦቹ የራሳቸውን ምርት ሰበሰቡ። ፒንግሪ በ1895 ለአራተኛ ጊዜ ተመረጡ።